መቶ ሃያ አራቱ ወንበሮች

(ነሐሴ አሥራ አንድ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል፤ በጎርፍ ትንበያ ማዕከሉ የማሽን ክፍል ውስጥ ኃላፊው ኢንጂነር ስንሻው ለእንግዳ የተተኮሰ ሱፋቸውን ለብሰው በሩ ላይ፣ የትንበያ ባለሙያዋ የትናየት ደግሞ ስክሪኑ ፊት ናቸው፤ ሁለቱ ከአምና ወዲህ ሰላም የሚባባሉት ሰው ሲያያቸው ብቻ ነው።)

የትናየት፦ ይክፈቱልኝ ነው የምልዎ፣ ኢንጂነር። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። አንድ ፓስወርድ፣ አንድ ደቂቃ።

ስንሻው፦ እኔ ደግሞ እንግዶቹ አምስት ሰዓት ላይ ይገባሉ ነው የምልሽ። እነሱን ከሸኘን በኋላ ስለፈለግሽው ፓስወርድ እናወራለን።

የትናየት፦ ያን ጊዜ የምናወራው ስለ ለቅሶ ነው።

ስንሻው፦ ጀመረሽ! ሟርትሽን ለከሰዓት አቆዪው፤ ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የለበስኩት።

የትናየት፦ ሟርት አይደለም። በላይኛው ገላኔ ወንዝ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። የላይኛው ጣቢያ ጠዋት የላከውን የውሃ ከፍታ በዓይንዎ አይተውታል። ትንበያውን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አስነሣሁት፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ለፍቶ ገና ሲሶው ላይ ነው። በዚህ አካሄዱ ጡቢ ድልድይ ላይ ምን እንደሚመጣ የሚነግረን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ውሃው ደግሞ አይጠብቀንም፤ ስምንት ሰዓት ገደማ ይደርሳል።

ስንሻው፦ ይደርሳል ያለሽ ማነው? ትንበያው አላለቀም እያልሽኝ አይደል?

የትናየት፦ በግምቴ ነው።

ስንሻው፦ በግምት ሕዝብ አይነሣም። ከአራት ዓመት በፊት በግምት ደወል አስደውለን ጡቢ በሙሉ ከብቱንና አልጋውን ተሸክሞ ጋራ ወጣ፤ ውሃው ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ ገበያ ላይ ሲያዩን "የዝናብ ጠንቋዮች መጡ" ይሉናል። ከዚያ ወዲህ ደንብ አለ። ትንበያው ካልወጣ፣ እኔ ካልፈረምኩ፣ ደወል የለም።

የትናየት፦ ደንቡን አውቀዋለሁ። ጡቢ ላይ ውሃ የምትለካው ሌንሴም ታውቀዋለች። ለዚህ እኮ ነው አሁን ድልድዩ ሥር ቆማ በየሰዓቱ መለኪያ እንጨቷ ላይ የውሃውን ከፍታ እያነበበች "ልውጣ ወይስ ልጠብቅ?" እያለች የምትደውልልኝ። ደወሉ በእሷ እጅ ነው፤ ካልታዘዘች አትነካውም። አባቷ ጋሽ ኩምሳም እዚያው ቦታ ሆነው፣ ያንኑ ጥያቄ ጠይቀው ነው አምና ውሃ የወሰዳቸው።

ስንሻው፦ የኩምሳን ስም ለክርክር አታምጪብኝ! ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ቀብሩ ላይ የተናገርኩትም እኔ ነኝ።

የትናየት፦ "ማሽኑ ከዳን፣ ፕሮግራሙ ከዳን" ብለው። ሰምቻለሁ። ቀባሪው ሁሉ ዞሮ እኔን ነበር የሚያየው።

ስንሻው፦ ፕሮግራሙን የጻፈው ማነው ታዲያ? ትንበያሽ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ፤ ውሃው ቀደመው። ይሄንን በጽሑፍ ነግሬሻለሁ።

የትናየት፦ በማኅተም ጭምር። "ባለሙያዋ ባዘጋጀችው ፕሮግራም ድክመት ምክንያት…" ልቀጥልልዎ? በቃሌ ነው የማውቀው።

ስንሻው፦ የጻፍኩትን አውቃለሁ።

የትናየት፦ እኔ ደግሞ አምኜው ነበር። ፕሮግራሙን አራት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት። አራት ጊዜ! አንድ ደቂቃ አልፈጠነም። እናቴ "ይሄ ነገር ዓይነ ጥላ ነው" ብላ ጠበል ልትወስደኝ ነበር። እስከ ባለፈው ማክሰኞ ድረስ።

ስንሻው፦ ማክሰኞ ምን ተገለጠልሽ?

የትናየት፦ ይሄ። ጠጋ ይበሉ፣ ሱፍዎ አይቆሽሽም።

ስንሻው፦ ምንድነው? የዳማ ሰሌዳ ነው?

የትናየት፦ የማሽኑ የውስጥ ካርታ ነው። እያንዳንዷ ሳጥን አንድ ኮር ናት። ኮር ማለት…

ስንሻው፦ ኮር ምን እንደሆነ ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው? ይሄን ማሽን ጉምሩክ በር ላይ አሥራ አንድ ቀን አድሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ! አንቺ ያኔ ተማሪ ነበርሽ።

የትናየት፦ እንግዲያው ይቁጠሩልኝ። መቶ ሃያ ስምንት ሠራተኛ ያለው ማሽን ነው። አረንጓዴ የሆኑት እየሠሩ ያሉት ናቸው። ስንት አረንጓዴ ይታይዎታል?

ስንሻው፦ … አራት።

የትናየት፦ ግራጫዎቹስ?

ስንሻው፦ የቀሩት ናቸዋ። ቁጥር ልታስቆጥሪኝ ነው የጠራሽኝ?

የትናየት፦ መቶ ሃያ አራት! ገላኔ ሞልቶ እየመጣ አራቱ ብቻ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ይለፋሉ፣ መቶ ሃያ አራቱ ያንቀላፋሉ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

ስንሻው፦ ከየት ነው ያመጣሽው ይሄን ነገር?

የትናየት፦ በነፃ የሚገኝ ነው፣ የፈለገ ሰው ያወርደዋል። ማሽኑ ውስጡ እንዴት እንደተደረደረ ይስላል፤ የቱ ኮር ከየቱ ጋር እንደሚጎራበት፣ ማን የት እንደተቀመጠ። ሳጥኑን ሲነኩት ደግሞ ማን እንደያዘው ይጽፋል። ይህችን የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የጨመርኩባት።

ስንሻው፦ ከመንገድ የለቀምሽውን መጫወቻ የመሥሪያ ቤቱ ማሽን ላይ ጫንሽ። ያለ ፈቃድ። ይሄ ብቻውን ሁለተኛ ደብዳቤ ያስጽፋል።

የትናየት፦ ይጻፉ። ለደብዳቤ እጅዎ ፈጣን ነው።

ስንሻው፦ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ።

የትናየት፦ አጥሩን ማን እንዳጠረው ነው የምፈልገው እኔም። ይኸው፣ አንዷን ግራጫ ነካኋት። ምን ይላል? ያንብቡት።

ስንሻው፦ መነጽሬን አልያዝኩም።

የትናየት፦ ደረት ኪስዎ ውስጥ ነው።

ስንሻው፦ … "የተያዘ። ለአዳራሽ ማሳያ።"

የትናየት፦ ቀጥሎ ያለችውስ? "የተያዘ። ለአዳራሽ ማሳያ።" ሁሉንም ብነካቸው ያው ነው። ልክ እንደ አዳራሻችን የፊት ወንበሮች። "ለክቡራን እንግዶች" የሚል ወረቀት ይለጠፍባቸዋል፤ እንግዶቹ ሦስት ሆነው ይመጣሉ፣ ወይም ጭራሽ ይቀራሉ። ሠራተኛው ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ይውላል፤ ንግግሩን የሚሰማው ባዶ ወንበር ነው። ደፍሮ የሚቀመጥ የለም፣ ወረቀቱንም የሚያነሣ የለም።

ስንሻው፦ እንግዳ ማክበር ነውር ሆነ ደግሞ? አምና ሐምሌ ላይ ያን ሁሉ ሰው ጋብዤ፣ የአዳራሹ ግድግዳ ስክሪን ላይ የሚታየው ወንዝ እየተንገጫገጨ ሲቆምብኝ የት ነበርሽ? አንዱ እንግዳ ሰው ሁሉ እየሰማ "ወንዛችሁ ነዳጅ አልቆበት ነው እንዴ?" ብሎ ሲያሥቅብኝ የት ነበርሽ?

የትናየት፦ ከኋላ ቆሜ። ወንበር አልነበረኝም።

ስንሻው፦ እንግዲህ ያን ዕለት ነው የማልኩት። ሁለተኛ እንግዳ ፊት አልዋረድም ብዬ።

የትናየት፦ ስለዚህ ማሽኑን በሙሉ ለፊልም አሰሩት። ግድግዳው ሲጠፋም እንደታሰረ ነው፣ እንግዳ ሳይኖርም እንደታሰረ፣ ጎርፍ ሲመጣም እንደታሰረ። ትንበያው ላይ ደግሞ አራት ፍርፋሪ ጣሉለት።

ስንሻው፦ ፊልም አትበይው! የተፋሰሱ ሙሉ ማሳያ ነው፤ ተራራው አለ፣ ገባሩ አለ፣ ደመናው ይንቀሳቀሳል። ኃይል ይበላል። መቶ ሃያ አራቱንም ይበላል።

የትናየት፦ አይበላም።

ስንሻው፦ ይበላል!

የትናየት፦ ካርታው ላይ ይዩ እንጂ። ማሳያው አሁን እየሠራ ነው፣ ለሙከራ አብርተውታል። ከመቶ ሃያ አራቱ ውስጥ አልፎ አልፎ ዓይናቸውን የሚገልጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነዚህ ጥግ ላይ ያሉት። ሁለት! የቀሩት እንግዳው መጥቶ እስኪሄድ ያንኮራፋሉ።

ስንሻው፦ ካርታሽ ውሸታም ነው። እኔ ማሽን የማውቀው በሥዕል አይደለም፣ በድምፁ ነው። ሰላሳ ዓመት ከማሽን ጋር ኖሬያለሁ። ከነዚያ ላይ አንዷን ብታነሺ ወንዙ ቀጥ ይላል።

የትናየት፦ እንወራረድ።

ስንሻው፦ ከአንቺ ጋር? በምን?

የትናየት፦ ይኸው። ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ሥር ያስቀመጥኩት ሌላ ወረቀት ነበረኝ። የሥራ መልቀቂያዬ ነው፤ ቀንና ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው። በዚህች ትንሽ ሞኒተር የአዳራሹ ግድግዳ ይታያል። ሁለቱን ለማሳያው ይተዉለትና መቶ ሃያ ሁለቱን ለትንበያው ይልቀቁለት። ወንዙ አንዴ ከተንገጫገጨ፣ አንዴ ብቻ፣ ፈርሜ እሰጥዎታለሁ። እንግዶቹ ሳይገቡ ከግቢው ወጥቻለሁ።

ስንሻው፦ ካልተንገጫገጨስ?

የትናየት፦ ለራሴ ምንም አልፈልግም። ትንበያው ይሂድ።

ስንሻው፦ ኋላ ደግሞ ቃሌን አጥፌያለሁ እንዳትዪ። የማይተማመኑ ባልንጀሮች በየወንዙ ይማማላሉ።

የትናየት፦ ወንዙ ራሱ እየመጣልን ነው፤ እሱ ሲደርስ እምላለሁ።

ስንሻው፦ ወረቀቱን አሳዪኝ። "በገዛ ፈቃዴ" ይላል። ጥሩ። ሰውም በገዛ ፈቃዷ ሄደች ብሎ ቢያውቅ ነው የሚሻለው።

የትናየት፦ ብዕሩንም ጎኑ አስቀምጬልዎታለሁ።

ስንሻው፦ ዘወር በዪ፤ ፓስወርድ ልጽፍ ነው።

የትናየት፦ ዞሬያለሁ።

ስንሻው፦ ማነው ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ያለው? ዛሬ አንቺም ካርታሽም ታፍራላችሁ… ሁለቱ ይቅሩ… ሌሎቹ ይለቀቁ። ተለቀቁ! አሁን ዙሪና ወንዙን እዪው። አሁን ይቆማል።

የትናየት፦ እያየሁ ነው።

ስንሻው፦ አሁን!

የትናየት፦ እሺ።

ስንሻው፦ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ማሽን ሲደነግጥ ወዲያው አያሳይም።

የትናየት፦ እኔ አልቸኩልም። ገላኔ ግን ግድግዳው ላይ እንደ ዘይት እየፈሰሰ ነው። ደመናውም ይንቀሳቀሳል።

ስንሻው፦ … ያ የሚጮኸው ምንድነው?

የትናየት፦ ማራገቢያዎቹ ናቸው።

ስንሻው፦ ሊፈነዳ ነው እንዴ?

የትናየት፦ ሥራ ሲሠራ ነው እንደዚህ የሚጮኸው። በድምፁ ነው የማውቀው አላሉኝም ነበር? ካርታውን ይዩት፣ ኢንጂነር፣ ካርታውን! መቶ ሃያ ስድስት አረንጓዴ። ሲሶው ላይ የነበረው ትንበያ አርባ በመቶ ገባ። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው፤ አሥር ደቂቃ!

ስንሻው፦ በቃ፣ ረትተሻል። ወረቀትሽን አንሺ። አሁን ወደ ቦታቸው ልመልሳቸው።

የትናየት፦ ምን አሉ?

ስንሻው፦ አየን አይደል እንዴ? እንግዶቹ ሊደርሱ ነው። ሙከራው አልቋል።

የትናየት፦ ውርርዱ "ትንበያው ይሂድ" ነበር። ወንዙ አልተንገጫገጨም! ለማሳያው እንደማያስፈልጉት በዓይንዎ አይተው ለምን ይዘጉታል? አሁን እኮ የእንግዳ ነገር አይደለም። ምንድነው የፈሩት?

ስንሻው፦ እኔ የምፈራው ነገር የለም። ከማውዙ ላይ እጅሽን አንሺ፣ ዘበኛ ሳልጠራ።

የትናየት፦ ቆይ… ይሄ ምንድነው? ፓስወርድዎ ሲገባ ከታች ዝርዝር ወጣ። ለእኔ ታይቶኝ አያውቅም ነበር።

ስንሻው፦ ዝጊው።

የትናየት፦ የመቆለፊያው ታሪክ ነው። ማን መቼ እንደዘጋ፣ ማን መቼ እንደከፈተ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ ፓስወርድም ያወጣዋል።

ስንሻው፦ የትናየት፣ ዝጊው ብያለሁ!

የትናየት፦ "ሐምሌ ሃያ ሁለት፣ ተያዘ። የያዘው፣ ስንሻው።" እሺ፣ ይሄ አምና የሳቁብዎት ሳምንት ነው። ቀጥሎ… "ነሐሴ አሥራ ሰባት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ተለቀቀ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ እንደገና ተያዘ።" ነሐሴ አሥራ ሰባት?

ስንሻው፦ ቀን ቀን ነው። ምን ይሁን?

የትናየት፦ ጡቢን ውሃ የበላት አሥራ አራት ነው። ጋሽ ኩምሳን ያገኘናቸውና የቀበርናቸው አሥራ ስድስት ነው። በማግስቱ ሁላችንም ለቅሶ ቤት ነበርን። እርስዎ "ራሴን አሞኛል" ብለው ተነሥተው ሄዱ፤ አስታውሳለሁ፣ መኪናዎን አይቻለሁ። ወደዚህ ነው የመጡት! ሳጥኖቹን ለቀቁ፣ ይኸው ተጽፏል፣ የአሥራ አራቱን ትንበያ እንደገና አስነሡት። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ የፈጀው በሃያ ደቂቃ አለቀ። አዩት። ከዚያ መልሰው ዘጉት።

ስንሻው፦ ኃላፊ ነኝ። ማጣራት ሥራዬ ነው።

የትናየት፦ የእኔ ደብዳቤ የተጻፈው ነሐሴ ሃያ አንድ ነው።

ስንሻው፦ ደብዳቤውን ተዪው።

የትናየት፦ ካወቁ ከአራት ቀን በኋላ! እኔ ዛሬ እዚህ ስገባ ቆልፈው ዓመት ሙሉ ረስተውት መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ለጥፈው የረሱት መስሎኝ! ለቅሶ ቤት የምቀመጥበት ጠፍቶኝ በር ላይ ቆሜ እንደዋልኩ ያውቃሉ? ሰው ገዳይ ነኝ ብዬ ነው የከረምኩት፤ ይገባዎታል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው፤ ያውም አህያው ራስዎ ሆነው።

ስንሻው፦ አህያ አልሽኝ?

የትናየት፦ ተረት ነው የተረትኩት።

ስንሻው፦ ምን ላድርግ ኖሯል? ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። "ስንሻው እንግዳ ፊት እንዳያፍር ብሎ ሰው አስበላ" ይባልልኝ? አንቺ ልጅ ነሽ። ሌላ ቦታ ትቀጠሪያለሽ፣ ደብዳቤ ይረሳል። እኔን ግን በዚያ ስም ነው የሚቀብሩኝ።

የትናየት፦ ጋሽ ኩምሳስ ለጡረታ ስንት ቀርቷቸው ነበር?

ስንሻው፦ … ስምንት ወር።

የትናየት፦ ስምንት ወር።

ስንሻው፦ ስሚኝ። ቁጭ በዪ፣ አትጩኺ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ያን ደብዳቤ ዛሬውኑ ከማኅደርሽ አወጣዋለሁ። ይሄን ዝርዝር አጥፊው። ሳጥኖቹን ደግሞ በየሳምንቱ አሥር አሥር እያልን እንለቃለን፤ "ፕሮግራሙ ቀስ በቀስ ተሻሻለ" ይባላል። እንዲያውም ምስጋና አስጽፍልሻለሁ።

የትናየት፦ በየሳምንቱ አሥር አሥር? ኢንጂነር፣ ውሃው የሚመጣው ዛሬ ነው!

ስንሻው፦ ላይመጣ ይችላል። ከአራት ዓመት በፊትም አልመጣም።

የትናየት፦ እንግዲያው ይዝጉት። ይኸው እጄን አነሣሁ። ግን ዝርዝሩ አንድ መስመር ይጨምራል። "ነሐሴ አሥራ አንድ፣ አራት ሰዓት ከሃምሳ አምስት፣ እንደገና ተያዘ። የያዘው፣ ስንሻው።" ልጅቷ ድልድዩ ሥር እያለች። ይዝጉት!

ስንሻው፦ እዘጋዋለሁ፤ ቆይ።

የትናየት፦ ምነው? ፓስወርዱ ጠፋብዎት?

ስንሻው፦ ተዪኝ እስቲ። አትናገሪኝ።

የትናየት፦ ሰባ አምስት በመቶ።

ስንሻው፦ የመኪና በር ሰማሁ። እንግዶቹ መጥተዋል።

የትናየት፦ ሻይ ይጠጡ። ወንዛቸው ግድግዳው ላይ እየፈሰሰ ይጠብቃቸዋል። ሰማንያ።

ስንሻው፦ ኩምሳ እኮ ውሃ የሚያውቅ ሰው ነበር። ጠረኑን አሽትቶ "ዛሬ ይሞላል" ይለኝ ነበር፤ ተሳስቶ አያውቅም። ከእኔም፣ ካንቺም፣ ከዚህ ከሚጮኸው ብረትም በላይ ያውቃል። ለምን ቶሎ እንዳልወጣ… ማንም አያውቅም።

የትናየት፦ ሌንሴ ትንሽ ታውቃለች።

ስንሻው፦ ምን ታውቃለች?

የትናየት፦ የመጨረሻ የደወሉት ለእሷ ነው። "ልውጣ ወይ ብዬ ማዕከሉን ጠይቄ ነበር፣ ጠብቅ ተባልኩ" ብለዋታል። ማን እንዳላቸው ግን አልነገሯትም። እሷ የምትጠረጥረው እኔን ነው። በየሰዓቱ እየደወለች "ልጠብቅ?" ስትለኝ ድምጿ ውስጥ ያለው ነገር አይጠፋኝም።

ስንሻው፦ አንቺስ… ምን አልሻት?

የትናየት፦ ምን እላታለሁ? "እኔ አይደለሁም" ብል ማን ያምነኛል? ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ወጥቶብኛል። ዘጠና ሦስት… ዘጠና ሰባት… አለቀ። ወጣ!

ስንሻው፦ ምን ይላል?

የትናየት፦ ጡቢ ድልድይ፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ከድልድዩ ወለል በላይ… አንድ ሜትር ተኩል። ኢንጂነር፣ ከአምናው ይበልጣል። አምና አንድ ሜትር አልሞላም ነበር።

ስንሻው፦ እርግጠኛ ነሽ?

የትናየት፦ እኔን ይተዉኝ፤ መቶ ሃያ ስድስቱ ናቸው የቆጠሩት። ከሦስት ሰዓት በላይ ጊዜ አለን። ሰዉም ከብቱም ይወጣበታል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ይኸው ወረቀቱ፣ ይፈርሙ።

ስንሻው፦ የጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ታትሞበታል።

የትናየት፦ ታትሟል። የተለቀቁበት ሰዓትም ታትሟል።

ስንሻው፦ ከፈረምኩ ነገ ይጠይቁኛል። "አምና ቀኑን ሙሉ የፈጀባችሁ ዘንድሮ በደቂቃ እንዴት አለቀ?" ብለው። ከዚያ ወዲያ መዝገቡን ማየት ነው። ይሄ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ፊርማ ብቻ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው የምፈርመው።

የትናየት፦ አዎ፣ በራስዎ ላይ ነው።

ስንሻው፦ ትንሽ አትራሪም?

የትናየት፦ ጅብ ከሄደ በኋላ ከሚጮኸው ውሻ ጋር አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ርኅራኄዬ አልቋል። ይፈርማሉ ወይስ እንደ አምናው ቀብር ላይ ይናገራሉ?

ስንሻው፦ አንደበትሽ መርዝ ነው።

የትናየት፦ ስልኩ ጠራ። አምስት ሰዓት ሆኗል፣ እሷ ናት… ሄሎ፣ ሌንሴ… አዎ፣ አለሁ… አንዴ ቆዪኝ። ኢንጂነር፣ "ልውጣ ወይስ ልጠብቅ?" እያለች ነው። ምን ልበላት?

ስንሻው፦ ብዕሩን ወዲህ በዪው፣ ስልኩንም አምጪው… ሌንሴ፣ ስንሻው ነኝ፤ ፈርሜያለሁ፣ ደወሉን ደውዪና ወደ ላይ ውጪ… አባትሽን "ጠብቅ" ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ፤ አንቺ አትጠብቂ።